የጎመን ሥር ስፖንጅ አይደለም፦ ስለ ጣና ዳር አትክልት ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በባሕር ዳር ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የተክል ሥር እንደ ስፖንጅ ስለሆነ በአፈርና በውሃ ውስጥ ያለውን ኬሚካል ሁሉ ይመጥጣል፤ ስለዚህ በጣና ዳርና በዓባይ ዳር በመስኖ የለማ አትክልት በሙሉ ተመርዟል፤ ማጠብም መላጥም ዋጋ የለውም፤ አንዱ አትክልት ከሌላው አይሻልም፤ አንዴ የገባ መርዝም ከተክሉ አይጠፋም። ቀጥለው ደግሞ እምቦጭ በዚሁ ጠባዩ ጣናን እያጣራልን ስለሆነ መንቀሉ ይቅር ይላሉ። መጨረሻ ላይ፣ በእምቦጭ ኮምፖስት የበቀለ ነገር እንዳትበሉ ብለው ያስጠነቅቃሉ።

ጽሑፉን አንብበው ጎመን መግዛት ያቆሙ ሰዎች ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከአትክልት አምራቾች ጋር ስለምሠራ የጸሐፊውን ስጋት ከነጭራሹ ባዶ ነው አልልም። መርዙ የሚገባበትን በር ግን ስተውታል። በእኛ ገበያ ላይ ካለው አደጋ ትልቁ የሚመጣው ከላይ፣ ከመርጫው አፍ ነው፤ እሳቸው ከሥር ከሥር ሲፈልጉ ዋናውን አልፈውታል።

ከስፖንጁ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነውና።

ሥር ለናይትሬት፣ ለፎስፌት፣ ለፖታስየም የተዘጋጀ ማስገቢያ አለው። አብዛኞቹ ሰው ሠራሽ ኦርጋኒክ (ማለትም ካርቦን ያለባቸው) ኬሚካሎች ግን እንዲህ ያለ የራሳቸው ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚገቡት ተክሉ ከሚስበው ውሃ ጋር ተዳብለው ነው። ተክል ደግሞ ውሃ በብዛት ይስባል፤ ከሳበውም ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በቅጠሉ በኩል ተንኖ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ይመስላሉ። ነገር ግን ውሃው ከሥር ፀጉር ተነሥቶ ወደ ግንዱ ቧንቧ ከመድረሱ በፊት ኬላ ይጠብቀዋል። በሥሩ ውስጠኛ ክፍል ባሉ ሕዋሳት ዙሪያ ውሃ የማያሳልፍ ቀበቶ ተጠምጥሟል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጀርመናዊ የእጽዋት ተመራማሪ በሮበርት ካስፓሪ ስም የካስፓሪ ቀበቶ ይባላል። በሕዋሳቱ መካከል ያለውን ሾልኮ ማለፊያ ስለሚዘጋው፣ ወደ ላይ የሚወጣ ሞለኪውል ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሕዋስ ሽፋን ማለፍ ግድ ይለዋል። የሕዋስ ሽፋን ደግሞ በአብዛኛው ቅባት ነው።

ኬሚካሎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ውሃ ብቻ የሚወድ ሞለኪውል ይህን ቅባታማ ሽፋን ለማለፍ ይቸገራል። ቅባት አብዝቶ የሚወድ ደግሞ በሥሩ ልጣጭ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ እንዲያውም አብዛኛው በአፈሩ ውስጥ ካለው ብስባሽ ጋር ስለሚጣበቅ ሥሩ ዘንድም አይደርስ። ወደ ቅጠል ጥሩ አድርገው የሚወጡት መሃል ላይ ያሉት፣ ውሃውንም ቅባቱንም የማይጠሉት ናቸው። ይህን ጠባይ ለመለካት ኬሚስቶች ኬሚካሉን ውሃና ኦክታኖል የሚባል ዘይት መሰል አልኮል ባለበት ዕቃ ውስጥ ይጨምሩና ወደየትኛው እንዳደላ ያያሉ። ውጤቱ በሎጋሪዝም ይጻፋል፤ 0 ከሆነ ለሁለቱም እኩል ነው፣ 3 ከሆነ በኦክታኖሉ ውስጥ ያለው ክምችት በውሃው ካለው 1000 እጥፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝ አገር የሮትሃምስተድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ተመራማሪዎች ብሪግስና ባልደረቦቹ በገብስ ችግኝ ላይ ያደረጉትን ሙከራ አወጡ። ችግኞቹ ሥራቸው በውሃ ውስጥ ሆኖ የተለያየ ጠባይ ያላቸው ኬሚካሎች ቀረቡላቸው። ወደ ላይ በመውጣት የበለጡት ቁጥራቸው 1.8 አካባቢ የሆኑት ነበሩ። እነሱም ቢሆኑ በግንዱ ውሃ ውስጥ የነበራቸው ክምችት ሥሩ ከቆመበት ውሃ 80 በመቶ ያህሉን ነው። ቁጥሩ ከዚያ ከፍ እያለ ሲሄድ ወደ ላይ የሚወጣው እየቀነሰ፣ ሥሩ ላይ የሚቀረው እየጨመረ ይሄዳል። ኋላ የመጡ ጥናቶች ውሃ ወዳዶቹ በዚያን ጊዜ ከተገመተው በላይ ሊወጡ እንደሚችሉ አሳይተዋል። የቅባት ወዳዶቹ ታሪክ ግን ያው ነው፤ ከታች ይቀራሉ።

አሁን ገበሬው ቤት ወዳሉት ጠርሙሶች እንምጣ። ለጎመን ትልና ለቲማቲም ትል የሚረጨው ላምዳ ሳይሃሎትሪን ቁጥሩ 7 አካባቢ ነው። ዲዲቲም ወደዚያው ይጠጋል። ፕሮፌኖፎስ 4.5 ገደማ፣ ማላታዮን 2.75፣ ዳይሜቶኤት 0.7፣ ኢሚዳክሎፕሪድ 0.6 ገደማ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ የፈሰሰ ላምዳ ሳይሃሎትሪን በሥር በኩል ገብቶ ጎመን ቅጠል ላይ ይወጣል ብሎ መፍራት ከንቱ ድካም ነው። ዳይሜቶኤትና ኢሚዳክሎፕሪድ ግን ይወጣሉ፤ ሲሠሩም በተክሉ ውሃ ውስጥ ገብተው ውሃውን የሚመጠውን ተባይ እንዲገድሉ ታስበው ነው። በዚህ ረገድ ጸሐፊው «ታጥቦ የማይለቅ መርዝ አለ» ማለታቸው እውነት ነው፤ ጥፋታቸው ሁሉም እንዲህ ነው ማለታቸው ላይ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ኢሚዳክሎፕሪድ እንኳ በዘር ላይ ተለውሶ ሲዘራ ሰብሉ የሚወስደው ከ1.6 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ብቻ እንደሆነ ተለክቷል። ቀሪው አፈር ውስጥ ነው፤ እሱም ለንቡና ለውሃው ሌላ ጣጣ አለው።

አፈሩን ጸሐፊው ጨርሶ ረስተውታል። ያው ኬሚካል፣ ያው ጎመን፣ በፍግ በዳበረ ጓሮና በተራቆተ መሬት ላይ አንድ አይሆንም። ብስባሽ የበዛበት አፈር ቅባት ወዳዱን ኬሚካል አጥብቆ ይይዘዋል፤ ኬሚካሉ በአፈሩ ውስጥ በሰነበተ ቁጥር ደግሞ መላቀቁ እየከበደ ይሄዳል። ግላይፎሴት የተባለው ፀረ-አረም ለየት ይላል፤ የሚጣበቀው ከብረትና ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ጋር ስለሆነ፣ እንደኛ ያለ ብረት የሞላበት ቀይ አፈር ይይዘዋል፤ በሥር በኩል ብዙ አይገባም፤ አረሙን የሚገድለውም በቅጠል ገብቶ ነው። ለጤፍና ለስንዴ የሚረጨው ፀረ-አረም ቱ ፎር ዲ ደግሞ አሲድ ነው። አፈሩ በኮመጠጠ ቁጥር የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) የሌለው፣ የሕዋስ ሽፋኑን በቀላሉ የሚያልፈው ድርሻ ይጨምራል፤ የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች በአንድ ሲወርድ (አፈሩ ሲኮመጥጥ ቁጥሩ ይወርዳል) ይህ ድርሻ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። በምዕራብ ጎጃም አሲዳማ መሬት ላይ ኖራ የሚጨምር ገበሬ፣ አስቦትም ይሁን ሳያስበው፣ ይህንንም እየለወጠ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ማጠብና መላጥ ዋጋ የለውም የሚለው ነው። ይህ ከሁሉ የሚጎዳ ምክር ይመስለኛል።

ካሮትን እንይ። ቅባት ወዳድ ኬሚካል ባለበት አፈር የበቀለ ካሮት በላዩ ላይ ባለው ስስ ልጣጭ ውስጥ አብዛኛውን ይዞ ይቆያል፤ ወደ ብርቱካናማው መሃል የሚዘልቀው ጥቂት ነው። ቢላዋውን ያዝ አድርጎ ልጣጩን ማንሣት ማለት አብዛኛውን መርዝ ማንሣት ነው። ጸሐፊው ለአንባቢያቸው መላጥ ዋጋ የለውም ሲሉ በነጻ የሚገኘውን መከላከያ አስጣሉት።

ይህ በወረቀት የቀረ ነገር አይደለም። የፈረንሳይ ግዛቶች በሆኑት በማርቲኒክና በጓዴሎፕ ደሴቶች ክሎርዴኮን የሚባል ፀረ-ተባይ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1993 በሙዝ እርሻ ላይ ይደረግ ነበር፤ የሙዝን ሥር የሚበላ ነቀዝ ለመግደል ነው። ኬሚካሉ በአፈሩ ውስጥ ዛሬም አለ። ከፍ ብሎ የሚንጠለጠለው ሙዝ ከዚህ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ኋላ በዚያው መሬት ላይ የተተከሉት ስኳር ድንችና ጎደሬ ግን ተበከሉ፤ ገላቸው ከአፈሩ ጋር ነውና። ሥር እንደ ስፖንጅ ቢሆን ኖሮ ሙዙም አብሮ መበከል ነበረበት።

እጥበትስ? እዚህ ላይ ነው ከጸሐፊው ጋር ዋናው ጠባችን። ፎገራ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ አንድ አዛውንት በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ሲሞሉ አይቻለሁ። መለኪያው የጠርሙሱ ክዳን ነው። ከአንዱ ጠርሙስ ሁለት ክዳን ገባ፤ ጽሑፉ ከተላጠው ከሌላኛው ደግሞ «ለማንኛውም» ተብሎ አንድ ክዳን ተጨመረ። ከዚያ በሞተር ከተሳበው ውሃ ሞሉና በእንጨት አማሰሉት። «አባቴ፣ ቲማቲሙ እኮ ሊለቀም ነው፤ ከርጭት በኋላ የሚጠበቅ ቀን የለውም እንዴ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ገበያው ነገ ነው፤ ትሉ ግን ዛሬ ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የዚያ ቲማቲም መርዝ በሥር አልገባም፤ ልጣጩ ላይ ተቀምጦ ነው በማግስቱ ገበያ የወጣው። ላምዳ ሳይሃሎትሪንን የመሰለ ቅባት ወዳድ ደግሞ ከላይ የተረጨ እንደሆነ በሰም በተሸፈነው ልጣጭ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። በሚወርድ ውሃ እያሹ ማጠብ ሁሉንም ባያነሣ ከፊሉን ያነሣል፤ መላጥ ደግሞ ይበልጣል።

ከርጭት እስከ ለቀማ የሚጠበቀው ቀን በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ እንደ ኬሚካሉና እንደ ሰብሉ ከጥቂት ቀን እስከ ሳምንታት ይለያያል። ጽሑፉ የተላጠበት ጠርሙስ የሚነግርህ ነገር የለም። ጸሐፊው ስለ አፈር ይህን ያህል ሲያትቱ ስለ ጠርሙሱ አንድ ቃል አላነሡም።

ስለ ጫትም አላነሡም። ይህ በእውነት ገርሞኛል። በባሕር ዳር ዙሪያ በመስኖ የሚለማ፣ ለጋ ቅጠሉ እንዲያምር የሚረጭ፣ ተለቅሞ በቀናት ውስጥ የሚቃም፣ የማይበስልና የማይላጥ፣ ብዙ ጊዜም ሳይታጠብ አፍ የሚገባ ቅጠል እያለ ጎመንን ብቻ ከስሶ መሄድ ምን ይባላል? ጎመኑስ ቢያንስ ይቀቀላል።

«ሁሉም አትክልት አንድ ነው» የሚለውን ባጭሩ ላልፈው ፈልጌ ነበር፤ ግን አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። ከላይ ቅባት ወዳዶች ከሥር አይወጡም ብያለሁ። የዱባ ዘመዶች፣ በተለይ ዝኩኒ፣ ይህን ደንብ ያፈርሳሉ። ዝኩኒ የዲዲቲን ስባሪ ዲዲኢን ከአፈር አላቅቆ እስከ ግንዱና እስከ ፍሬው ድረስ ያወጣዋል፤ ከብዙ ሌሎች አትክልቶች ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው። የቅርብ ዘመዱ ኪያርም ዲልድሪን የተባለውን አሮጌ ፀረ-ተባይ እንዲሁ ሲያወጣ በጃፓን እርሻዎች ታይቷል። ለእኛ ይህ ተረት አይደለም፤ ዲዲቲ በአገራችን ለወባ መከላከያ ለአሥርት ዓመታት በቤት ግድግዳ ላይ ሲረጭ ኖሯል፤ የጣና ዙሪያ ደግሞ ወባማ ነው። ያ ግድግዳ ፈርሶ ጭቃው ጓሮ የተደፋበት ቦታ ላይ እኔ ብሆን ዝኩኒ አልተክልም። ቲማቲም እተክላለሁ፤ በቆሎም እተክላለሁ።

በአንድ ተክል ውስጥም ቢሆን ክፍሎቹ እኩል አይደሉም። ወደ ላይ የሚወጣው ኬሚካል ከውሃው ጋር ወደ ቅጠል ይሄዳል፤ ውሃው ተንኖ ሲጠፋ እሱ እዚያው ይጠራቀማል። ፍሬ ግን ብዙ ውሃ አያተንም፤ አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘውም ስኳር በሚያመላልሰው ሌላ ቧንቧ ነው። ስለዚህ ውሃው ያጠራጠረው ሰው ከሰላጣና ከቆስጣ ይልቅ ቲማቲምና ቃሪያ ቢመርጥ ያተርፋል።

«አንዴ የገባ መርዝ አይጠፋም» የተባለው ግማሹ ስህተት፣ ግማሹ ደግሞ ጸሐፊው ከገመቱትም የባሰ ነው። ተክሎች የገባባቸውን ባዕድ ሞለኪውል እንደኛ ጉበት በኢንዛይም ይቆራርጣሉ፣ ከስኳር ወይም ግሉታታዮን ከሚባል የራሳቸው ሞለኪውል ጋር ያጣምሩታል፣ ከዚያም በሕዋሱ ጓዳ ይቆልፉበታል። በቆሎ አትራዚን የተባለው ፀረ-አረም ሲረጭበት የማይሞተው፣ በአጠገቡ ያለው አረም ግን የሚሞተው በዚህ ችሎታ ነው። የባሰ ያልኩት ሌላው ገጽ ነው፦ ከስኳር ጋር የተጣመረው ኬሚካል፣ ከመጣመሩ በፊት የነበረውን ሞለኪውል ብቻ በሚፈልግ ምርመራ ላይ አይታይም፤ አንዳንዱ ጥምር ደግሞ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ሊፈታ ይችላል።

ጸሐፊው ለመስኖ የሚውለውን የከተማ ቦይ ውሃም አንሥተዋል፤ ያሰቡት ግን ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ ብቻ ነው። በሥር የመግባት ነገር ከተነሣ ግን ከፍሳሽ ውስጥ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት የመድኃኒት ቅሪት ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ቁጥሩ 2.45 ነው፤ በቀላሉ አይበሰብስም፣ ከሽንት ጋር ወደ ፍሳሽ ይገባል፣ ለመውጣት የተመቸ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የእስራኤል ጥናት፣ በተጣራ ፍሳሽ የለማ አትክልት የበሉ ጤነኛ ሰዎች ሽንት ውስጥ መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ በንጹሕ ውሃ የለማ ወደ መብላት ሲመለሱ ደግሞ ቀንሷል። መጠኑ ለሕክምና ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነበር። ይህን ሁሉ ብዬ ግን፣ ባሕር ዳር ላይ በቦይ ውሃ የለማ ሰላጣ ቢቀርብልኝ ጥሬውን እንዳልበላው የሚያደርገኝ ካርባማዜፒን አይደለም፤ የወስፋት እንቁላልና የተቅማጥ ተሕዋስ ነው። እሱ ዛሬ ማታ ሆድ ያማል።

ወደ እምቦጭ ልግባ። ጸሐፊው በአንዱ አንቀጽ እምቦጭ መርዙን ስለሚመጥ ጣና ላይ ይቆይ ይሉና፣ በሌላው አንቀጽ መርዙን ስለመጠጠ ኮምፖስቱን እንዳትነኩ ይላሉ። ሁለቱ አብረው እንዴት እንደሚሄዱ አልነገሩንም።

እምቦጭ ብዙ ነገር እንደሚወስድ አልክድም። ከደምብያ ወይም ከፎገራ ዳርቻ ነቅለው ሲያነሡት ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁር ሥሩ የርብንና የጉማራን ደለል አፍሶ ይወጣል። ሥሩ በውሃ ውስጥ ስለሚንጠለጠል፣ ኬሚካሉን ይዞ የሚያስቀር አፈር የለም፤ በውሃው የሟሟው በቀጥታ ይደርሰዋል። ኢቲዮን የተባለውን ፀረ-ተባይ ከውሃ ፈጥኖ እንደሚያስወግድ በሙከራ ታይቷል። በሥሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም በማፍረሱ ይረዱታል። ነገር ግን ሙከራው በዕቃ ውስጥ ነው፤ ጣና ደግሞ ከ3000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አረሙም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ይከማቻል እንጂ ሐይቁን በሙሉ አያስስም። ከሁሉ በላይ፣ ያልተነቀለ እምቦጭ እዚያው ይሞታል፤ ሲበሰብስ የያዘውን ማዳበሪያም ብረታ ብረትም መልሶ ለሐይቁ ያስረክባል፤ ሲበሰብስም በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ያጣራል ከተባለ ማጣራቱ የሚፈጸመው ተነቅሎ ከዳር ሲወጣ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ገበሬው በእጁ ሲነቅለው የኖረው አረም ጠበቃ ያገኘው በተሳሳተ መከራከሪያ ነው። የዓሣ አጥማጁ መረብና የታንኳው መንገድ እንኳ አልታሰቡም።

ኮምፖስቱን በተመለከተ ደግሞ ስጋቱን ለይቶ ማየት ይበጃል። በደንብ ተገላብጦ የጋለ ኮምፖስት ውስጥ አብዛኞቹ የዛሬ ፀረ-ተባዮች በብዛት ይፈርሳሉ። ብረታ ብረት ግን አይፈርስም፤ የሚበሰብሰው ሲቀንስ እንዲያውም ይጠጥራል። ከኦርጋኒክ ኬሚካሎች መሃል የሚያስፈራው አሚኖፒራሊድን የመሰለ ፀረ-አረም ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪታንያ የተረጨውን ሣር የበሉ ከብቶች ፍግ ውስጥ አልፎ የብዙ ሰው ቲማቲምና ባቄላ አጨማዶ ነበር። ኮምፖስቱን የተጠራጠረ ሰው ከንጹሕ አፈር ጋር ቀላቅሎ በጣሳ ባቄላ ይዝራበት፤ በሌላ ጣሳ ደግሞ ያለ ኮምፖስት ይዝራ። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ኮምፖስት ያለበት ባቄላ አዲስ ቅጠሎቹ ተጠቅልለው ከወጡ፣ ፀረ-አረም አለበትና ለአትክልት አይሁን። ብረታ ብረቱን ባቄላ አይናገርም፤ ለእሱ ናሙናውን ላብራቶሪ መስጠት ነው።